መረቡን ማን ደፈረው?

ታናሽ እህቴ በረኛ ናት። ስሟ በሬዲዮ የሚጠራ እንዳይመስላችሁ፤ የሰፈር ቡድን በረኛ ናት። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግጥሚያ ነበራትና ሦስት ለባዶ ተሸነፉ። ወሬውን ይዞ ከእሷ ቀድሞ ቤት የደረሰው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ዕድሜው አሥር ቢሆን ነው። ሜዳ ላይ በድምፅ ማጉያ ሲነገር የሰማውን ቃል እንዳይረሳው እየሮጠ መጥቶ፣ የጓሮው በር ላይ ቆሞ ለእናቴ አበሰራት።

«እትዬ! ዛሬ እኮ ሦስት ጊዜ አስደፈረች!»

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ነገሩ የኳስ መሆኑ እስኪገለጽላት ድረስ ያለፉት ጥቂት ሰከንዶች ምን ያህል እንደረዘሙ እሷ ናት የምታውቀው። እኛ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ማታ እህቴ ፊቷን አጥቁራ እራት አልበላም ስትል፣ «ለሦስት ጎል ይሄ ሁሉ?» አልኳት። «ጎሉማ ምን ይለኛል» አለችኝ። «ከበሩ ጀርባ የተቀመጡት ወንዶች ቃሉን ከማይክሮፎኑ ተቀብለው እስኪያልቅ ድረስ ሲጮኹብኝ ዋሉ። አንተ ስሙን ልትጠራው ትችላለህ? እኔ አልችልም።»

የዛሬው ጽሑፌ ለዚህች ልጅ የሚከፈል ዕዳ ነው። ጠቤም ከሁለት ወገኖች ጋር ነው። አንደኛው «ክሊን ሺት» እያለ ጆሯችንን የሚያደነቁረው የኤፍ ኤም ጋዜጠኛ ነው። ሁለተኛው ይህን ጋዜጠኛ ሊያርም ተነሥቶ «የራሳችን ውብ ቃል እያለን! ‹መረቡን ሳያስደፍር ወጣ› አይባልም ወይ?» የሚለው የቋንቋ ተቆርቋሪ ወዳጄ ነው። ሁለቱም ተሳስተዋል። የሁለተኛው ስሕተት ይብሳል፤ ምክንያቱም አማርኛ ያውቃል።

*

ከቀላሉ ልጀምር።

ታክሲ ውስጥ ነን። ሬዲዮው ስለ እንግሊዝ ኳስ እየለፈለፈ ነው። «ግብ ጠባቂው ዘንድሮ አሥረኛ ክሊን ሺቱን አስመዝግቧል!» አለ ጋዜጠኛው። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ወደ ሾፌሩ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ምኑ ነው ንጹሕ የሆነው?» አሉ። ሾፌሩ አሰበና፣ «ጎል ያልገባበት ማለታቸው ነው አባባ» አላቸው። «ታዲያ ጎል አልገባበትም አይሉም?» አሉ አዛውንቱ። ከዚያ ጥያቄ የተሻለ የቋንቋ ትችት እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

«ክሊን ሺት» ከየት መጣ? እንግሊዞቹ ራሳቸው እንደሚሉት ከወረቀት ነው። ድሮ ጨዋታን የሚመዘግብ ሰው የገባውን ጎል በወረቀት ይጽፍ ነበር። ተጋጣሚው ምንም ካላገባ በወረቀቱ ላይ የሚጻፍ የለም፤ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ለእንግሊዙ ቃሉ ሥዕል አለው። ለእኛስ? እኛ ዘንድ «ሺት» የሚባል ነገር ቢኖር አንድም የሚጻፍበት ቅጽ፣ አንድም አልጋ ላይ የሚነጠፈው ነው። (ሦስተኛም አለ። አማርኛ አጭሩን «ኢ» ከረጅሙ ስለማይለይ፣ አንዳንዱ ጋዜጠኛ ስለ ወረቀት ሲያወራ የሚሰማው ስለ ሌላ ነገር ነው። ልለፈው።)

የአልጋውን ይዘን እንተርጉመው ብንል ደግሞ ጉድ ነው የሚፈላው። «ንጹሕ አንሶላ» በእኛ አገር ወግ ምን ማለት እንደነበር አያቶቻችንን ጠይቁ። ብር አምባር በሚባለው ልማድ፣ በሠርጉ ማግስት ነጩ ጨርቅ ደም ይዞ ካልተገኘ የሙሽራይቱ ቤተሰብ አንገቱን ይደፋ ነበር። ለእንግሊዙ በረኛ ሜዳሊያ የሆነው ነገር፣ ለእኛዋ ሙሽራ መዋረጃ ነበር ማለት ነው። ይህን ያነሣሁት ለቀልድ አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

*

ሌላው ዓለም ምን ይላል? ለባዶነት ስም ያላወጣለት የስፖርት ሕዝብ የለም፤ ሁሉም ስሙን ያገኘው ከደጁ ነው።

የክሪኬት ተጫዋች ያለ አንዲት ነጥብ ሲወጣ እንግሊዞች «ዳክ» አገባ ይላሉ። ነገሩ የዳክዬ እንቁላል ነው፤ ዜሮ እንቁላል ስለምትመስል። በኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የሆነው አልጋ ወራሽ እ.ኤ.አ. በ1866 ያለ ነጥብ ሲወጣ ጋዜጣው በዚሁ እንቁላል ቀልዶበታል። ቴኒስ ተጫዋቾች ዜሮን «ላቭ» ይላሉ። ብዙ ሰው ይህንንም ከፈረንሳይኛው የእንቁላል ስም ጋር ያያይዘዋል፤ የበለጠ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ ግን «ለፍቅር ብቻ መጫወት»፣ ማለትም ያለ ውርርድ በባዶ መጫወት ከሚለው የመጣ ነው የሚለው ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ ስድስት ለባዶ ያለቀን የቴኒስ ሴት «ቤግል» ይሉታል፤ ቤግል መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ዳቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተጫዋቹ ኤዲ ዲብስ ይለው የነበረውን ጋዜጠኛው ቡድ ኮሊንስ በቴሌቪዥን ዓለም እንዲያውቀው አደረገ። እንቁላል፣ ፍቅር፣ ዳቦ። ባዶ የቀረ ሰው ቢያንስ አልተራበም!

ከሁሉ የሚገርመኝ የቤዝቦሉ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1870 የኒው ዮርኩ ሙችዋልስ የቺካጎውን ኋይት ስቶኪንግስ 9 ለ 0 አሸነፈ። በዚያ ዘመን ቤዝቦል ውስጥ ባዶ መቅረት ብርቅ ስለነበር ነገሩ መነጋገሪያ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ያለ ነጥብ የተሸነፈ ቡድን ሁሉ «ቺካጎ ሆነ» ይባል ነበር። አንድ ትልቅ ከተማ ግሥ ሆነ! በዚህ ሒሳብ እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ፣ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ 4 ለ 0 ስታሸንፈን «አዲስ አበባ ሆነ» የሚል ግሥ ካይሮ ውስጥ አለመወለዱ ዕድላችን ነው።

ጀርመኖች ጎል ያልገባበት በረኛ «ነጭ ሰደርያ» አለው ይላሉ። በስፓኒሽ የሚናገሩ ደቡብ አሜሪካውያን «ያልተሸነፈ አጥር» ይሉታል። ጣልያኖችስ? «ሬቴ ኢንቪዮላታ» ነው የሚሉት፤ ቃል በቃል ሲመለስ «ያልተደፈረ መረብ»። ፈረንሳዮችም የዚሁ ወንድም የሆነ አባባል አላቸው። እንግዲህ ወዳጄ «የራሳችን ውብ ቃል» ብሎ ደረቱን የነፋበት አባባል፣ ዐድዋ ላይ የተዋጋነው ሰውዬም በስፖርት ገጹ ላይ በየሳምንቱ የሚጽፈው ነው። ብቻችንን አልፈጠርነውም፤ ስለዚህ ብናወርደው ቅርስ አይፈርስም።

*

አሁን ወደ ዋናው ጠብ።

የወዳጄ መከራከሪያ ይህ ነው፤ «መድፈር ማለት አንተ እንዳሰብከው ብቻ አይደለም። ቃሉ ጥንታዊ ነው፤ ዳር ድንበር ያልተደፈረ አገር እንላለን። ኳሱም ከጦር ሜዳ ነው የተዋሰው። አጥቂ እንላለን፣ ተከላካይ እንላለን፣ ድል እንላለን። መረብ ድንበር ነው፣ በረኛ የድንበር ጠባቂ ነው። አንተ ቃሉን ወደ አልጋ ያወረድከው በራስህ ሐሳብ ነው።»

እውነት አለው፤ አልክድም። «ደፈረ» ሰፊ ግሥ ነው። የደፈረ ሰው ደፋር ነው፣ ይመሰገናል። የተደፈረ ሰው ተንቋል፤ «ተደፈርኩ» ብሎ ለጠብ የሚነሣ ጎረምሳ በየመንገዱ አለ። ድንበርም ይደፈራል። እንዲያውም ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ፊልም ስሙ «ድፍረት» የሆነው ቃሉ ሁለት ፊት ስላለው ነው። ተጠልፋ የተደፈረች፣ ጠላፊዋን የገደለች አንዲት ልጅና ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ የገቡበት ክርክር ታሪክ ነው። በአንድ ቃል ውስጥ የደረሰባትም አለ፣ ያደረገችውም አለ።

ነገር ግን ወዳጄ፣ ቃል የሚኖረው በመዝገበ ቃላት ውስጥ አይደለም፤ በሚሰማው ሰው ጆሮ ውስጥ ነው። ዛሬ በዚህ አገር አንዲት እናት «ልጅሽ ተደፈረች» ብትባል በየትኛው ትርጉም ትሰማዋለች? ድንበር ነው የምታስበው? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ለወንጀሉ የሰጠው ስም «አስገድዶ መድፈር» ነው። ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ ሐኪም፣ ጋዜጣ፣ ሁሉም ይህንኑ ቃል ይዟል። ቃሉ ሌላ ሥራ ይዟል በቃ! በቀን ሥራው እንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ የተሸከመን ቃል፣ ማታ ማታ ኳስ ሜዳ ወስደን ጎል እናስቆጥረው ማለት ለቃሉም ለተደፈሩትም ንቀት ነው።

ይህ ግን ገና ግማሹ ነው። ልብ በሉ፣ የእኔ ትልቁ ጠብ ከግሡ ጋር ሳይሆን ከፊቱ ከተቀመጠችው «አስ» ጋር ነው።

በረኛው ጎል ሲገባበት «ተደፈረ» አይባልም፤ «መረቡን አስደፈረ» ነው የሚባለው። አማርኛ የሚያውቅ ልዩነቱን ያውቃል። «ተደፈረ» ጥፋቱን ከደፋሪው ላይ ያስቀምጣል። «አስደፈረ» ግን ጥፋቱን አንሥቶ የተደፈረው ትከሻ ላይ ይጭነዋል፤ ፈቅዶ፣ ቸል ብሎ፣ በሩን ከፍቶ ነው እንጂ ማን ይደፍረው ነበር ማለት ነው። ኳሷ ተከላካይ ነክታ አቅጣጫ ቀይራ ትግባ፣ ከሰላሳ ሜትር እንደ ጥይት ተስፈንጥራ ትግባ፣ የመሐል ዳኛው በሌለ ጥፋት ፍጹም ቅጣት ምት ይስጥ፤ ፍርዱ ያው ነው፤ «አስደፈረ።»

ይህቺ «አስ» ከኳስ ሜዳ ውጭ ምን ስትሠራ እንደምትውል ታውቃላችሁ። «በማታ ምን ልትሠራ ወጣች?» «ምን ለብሳ ነበር?» «ራሷ ናት ያስደፈረችው።» ሠፈር ውስጥ በቡና ላይ፣ አንዳንዴም ከጠረጴዛ ጀርባ ከተቀመጠ ሰው አፍ የሚወጣው ፍርድ በዚሁ ሰዋስው የተሠራ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊና ደፋሪ ተበዳይቱን በሕግ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፤ ቀዳዳው የተደፈነው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ሕጉ ተለወጠ። ሰዋስዋችን ግን ዛሬም ተበዳይን ይከስሳል፤ በየሳምንቱም ከሜዳ በቀጥታ ሥርጭት ይተላለፋል።

ብር አምባሩን እመለስበታለሁ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ብንመልሰው አንሶላው ላይ ወደቅን፤ አማርኛውን ብንይዝ መድፈሩ ላይ ወደቅን። በሁለቱም መንገድ መጨረሻችን የአንዲት ልጅ ገላ ነው። አንድ የኳስ ቃል ፍለጋ ወጥተን ሁለት ጊዜ እዚያው የተገኘነው የክብራችንን መዝገብ ለረጅም ዘመን ስላስቀመጥንበት ነው። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ሲጮኽ የእናቴ ቢላዋ የወደቀው ለዚህ ነው።

*

«እሺ፣ ሴቶቹን ተወው፤ የወንዶቹ ይቅር» የሚል አይጠፋም። አይሆንም። ቃሉ ለኳሱም አይሆንም፤ ውሸት ስለሆነ።

ድንበር አንድ ጊዜ ከተደፈረ ተደፈረ ነው። አገር «ሁለት ጊዜ ብደፈርም አራት ጊዜ ስለደፈርኩ አሸንፌያለሁ» አይልም። ኳስ ግን እንዲያ ነው የሚለው። ኢትዮጵያ በታሪኳ አንድ ጊዜ ብቻ የአፍሪካን ዋንጫ አንሥታለች፤ ጥር 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዝያን 4 ለ 2፣ በፍጻሜው ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። በሁለት ጨዋታ አራት ጎል ገብቶብናል! የወዳጄን ቃል ከተከተልን፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሡ እጅ ዋንጫ የተቀበለው አራት ጊዜ የተደፈረ ቡድን አምበል ሆኖ ነው። መንግሥቱ ወርቁ በዚያ ፍጻሜ አንድ ጎል ያገባው ለተዋረደ ቡድን ነው። እንዲህ የሚል አለ? የለም። ገባብን፣ አገባን፣ አሸነፍን። ታሪኩ ይኸው ነው።

በተቃራኒው እ.ኤ.አ. የ2006ቱን የዓለም ዋንጫ አስታውሱ። ስዊዘርላንድ አራት ጨዋታ ተጫወተች፤ በጨዋታ አንድም ጎል አልገባባትም። ከዩክሬን ጋር 120 ደቂቃ ባዶ ለባዶ ጨርሳ፣ የመለያ ምቶቿን በሙሉ ስታ ወደ ቤቷ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1990 የጣልያኑ ዋልተር ዜንጋ 517 ደቂቃ ጎል ሳይገባበት ቆይቶ፣ ካኒጃ በግማሽ ፍጻሜው አንዲት በግንባር ገጨበት፤ አርጀንቲና በመለያ ምት አለፈች። «ኢንቪዮላታ» ዋንጫ አልሆነችለትም።

መከላከል ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2010 ከጥሎ ማለፉ ጀምሮ አራቱንም ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፋ ነው የዓለም ዋንጫ ያነሣችው፤ ካሲያስ አንድም አልገባበትም። የበረኛ ሙያ ትልቅ ሙያ ነው፤ ስም ይገባዋል። እኔ የምለው፣ ጎል መግባት የጨዋታው ዓላማ እንጂ በጨዋታው ላይ የተፈጸመ ወንጀል አይደለም ነው። ተጋጣሚን «እንግዳ ቡድን» ብለን ጠርተን፣ ሜዳችን አስገብተን፣ እጅ ተጨባብጠን የጀመርነው ነገር ነው። እንግዳ ደፋሪ ነው እንዴ?

(የእንግዳ ነገር ከተነሣ «ጎል አስተናገደ» የሚሉም አሉ። ከማስደፈር ይሻላል። ግን ጎል ቡና ይፈላለታል?)

*

ታዲያ ምን እንበል? ማፍረስ ብቻ እንዳይሆንብኝ።

መልሱ አፋችን ላይ ነው። የታክሲው አዛውንት ተናግረውታል፤ «ጎል አልገባበትም።» ሲያጌጥ፣ «ግብ ሳይቆጠርበት ወጣ።» «ገባበት»ን እዩት እስኪ። «ዘነበበት»፣ «መሸበት»፣ «ጨለመበት» እንደምንለው ነው። በሰውየው ላይ አንድ ነገር ደረሰበት እንጂ ሰውየው አላደረገውም። ያችው «በት» ያዝናል እንጂ አይከስስም። ከ«አስ» ወደ «በት» መሻገር ከውርደት ወደ ዕድል መሻገር ነው።

ማማር አለበት፣ ጀግንነት ይሽተተው የሚል ካለ ደግሞ፣ ልጅ ሆነን ሁለት ድንጋይ አስቀምጠን ስንጫወት ያወቅነው ስም አለ፤ በር። ጠባቂውም በረኛ። እኛ በረኛ ስንለው «በሩን ዘግቶ ዋለ» ማለት እንዴት አቃተን? ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢንተር ሚላን የተካነበትን የመከላከል ስልት «ካቴናቾ» ብለውታል፤ የበር መቀርቀሪያ ማለት ነው። (እኛ «ካቴና» ብለን እጅ ላይ የምናስረው የዚሁ ቃል ዘመድ ነው።) አሜሪካኖቹም በቤዝቦል የሚሉት ተዘጋባቸው ነው። በር ቢከፈት ተመልሶ ይዘጋል፤ ነገ ሌላ ጨዋታ አለ። የተደፈረ ነገር ግን ወዴት ይመለሳል?

ጋዜጠኛ ወገኖቼ፣ አንድ ሰኮንድ የማያስጨርስ ለውጥ ነው የምለምናችሁ። «ዛሬ በሩን ዘግቶ ዋለ።» «ዛሬ ሦስት ገባበት።» አዛውንቱ ይገባቸዋል፣ ልጁ ይገባዋል፣ የእናቴም ቢላዋ አይወድቅም። አንተም የቋንቋ ወዳጄ፣ አማርኛን ከእንግሊዝኛ ለመጠበቅ ስትሮጥ የራሱ የአማርኛ ሰው እንዳትረግጥ።

እህቴ በሚቀጥለው እሑድ ተሰልፋለች። «ካልወጣሽስ?» ብላት፣ «ማን በር ይጠብቃል?» አለችኝ። ሁለት ገባባት፤ አራት አገቡና አሸነፉ። ያ የጎረቤት ልጅ እየሮጠ ሲመጣ እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችው። ቆም አለ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ቃል መረጠ።

«እትዬ፣ ሁለት ገባባት። ግን እኛ አራት አገባን!»

እናቴ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው።